የራግታይሙ ቀኝ እጅ

አለሚቱ፣ አንቺ አንገተ ደንዳና ሚስቴ፤

ጥለሽኝ ከሄድሽ አንድ ዓመት ከስድስት ቀን ሆነ። ሙት ዓመትሽ ባለፈው ቅዳሜ ወጣልሽ። ካህናቱ ፍትሃቱን አድርሰው፣ ሰዉም በልቶ ጠጥቶ፣ እድሩም ድንኳኑን ነቅሎ ሄዷል። ጠላው አንሶ ነበር፤ ያነሰው በሰናይት ስስት እንጂ በእኔ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እዚያም ያሉ ወሬኛ ጎረቤቶቻችን ሳይቀድሙኝ ብዬ ነው።

ቤቱን ብታዪው ታውቂው እንደሆነ እንጃ። ልጃችን ሰናይት አባቴን ልጡር ብላ ከባሕር ዳር ጠቅልላ መጥታለች፤ ጧሪዬ ሳትሆን ዘበኛዬ ናት። ጨው ትደብቅብኛለች። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ አንቺ ውኃ ስትቀልቢው ኖረሽ አንድ ፍሬ ያላሳየሽ ዛፍ! የባጃጆቹ ተራ ወደ በራችን ዞሮ ቀኑን ሙሉ ጥሩምባ ነው። ድመትሽ ከድታ ሐጂ ኑሩ ቤት ገብታለች፤ እዚያ ሥጋ አለ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ከል ለብሼ የሆቴል አስተናጋጅ መስዬ ከረምኩ። ብታዪኝ ሻይ ታዢኝ ነበር።

ፒያኖሽ ሳሎን ውስጥ እንደቆመ ነው። እስከ ማክሰኞ ብቻ። ማክሰኞ ስታስተምሪበት ወደኖርሽው ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ኑዛዜሽ ነውና። የነገርሽው ለሰናይት ነው፤ እኔ የሰማሁት በአርባሽ ቀን ነው። «ሙት ዓመቴ ሲወጣ ለተማሪዎቹ ስጡልኝ፤ አባትሽ አይፈልገውም» ብለሻል። ሐዘን ቤት ዓመት እስኪሞላው ሙዚቃ እንደማይሰማበት እያወቅሽ፣ ዓመቱ በሞላ ማግስት ይወሰድ ብለሽ ሄድሽ። በዚህ ቤት ተንኮለኛው እኔ ነኝ ያለው ማን ነው?

ለምን አይፈልገውም እንዳልሽ ግን አውቃለሁ። ያቺን ከሰዓት በኋላ እኔም አልረሳኋትም።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የምትመቺው ያ ፈጣን ዜማ ነበር። ራግታይም ይባላል፣ የጥንት የአሜሪካ ጥቁሮች የፈጠሩት ነው ብለሽ አስረድተሽኛል። ግራ እጅሽ እንደ ወታደር አንድ ሁለት እያለ ይረግጣል፤ ቀኝሽ በእርምጃው መሐል እየዘለለ ይረብሸዋል። የሰማው ሰው ሁሉ ትከሻው ሳያስበው ይነቃነቃል። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ከደባርቅ መንገድ አቧራ ጠጥቼ ስመለስ፣ «ደግሞ ይኼን የዶሮ ሩጫ ጀመርሽው?» እልሽ ነበር። አንቺም ይብስ ታፈጥኚው ነበር።

ከዚያ ስትሮኩ መጣ፤ ቀኝ እጅሽን ይዞ ሄደ። ትንሽ ሻል ሲልሽ ፒያኖሽ ፊት ተቀምጠሽ ግራውን ብቻ መምታት ጀመርሽ። አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት። መሐሉ ባዶ ነው። ሐጂ ኑሩና ጎረቤቶቹ ሊጠይቁሽ በመጡበት ቀን ወደ እኔ ዞረሽ፣ «ታፈረ፣ ቀኙን አንተ ያዝልኝ፤ አስተምርሃለሁ» አልሽ። ለካስ አስቀድመሽ ተሰናድተሻል። መጻፍ በማትችዪበት ግራ እጅሽ ጠማማ ቁጥር ጽፈሽ በየቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፈሻል፤ የቁጥሮቹንም ተራ በደብተር አስፍረሻል።

ሰው ሲሰበሰብ ምላሴን እንደሚያሳክከኝ ታውቂያለሽ። «እኔ ያገባሁት ባለ ሁለት እጅ ሴት ነበር፤ ግማሿን ማን ወሰደብኝ?» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ጉልበቱን መታ። አንቺም በግማሽ አፍሽ ሳቅሽ። ከዚያ በግራ እጅሽ ክዳኑን ቀስ አድርገሽ ዘጋሽው። እስክትሞቺ ድረስ ስምንት ወር ሙሉ አልከፈትሽውም።

ለሰናይት ደክሟት ነው አልኳት። ውሸቴን ነበር፤ አውቄዋለሁ። ይቅርታ ብጠይቅሽ ቀልዱ ይበላሽብኛል ብዬ ተውኩት። ይባስ ብዬ ፒያሳ ካፌ ተቀምጬ ለጓደኞቼ አውርቼዋለሁ። እነሱም ስቀዋል። መቼም ጥሩ ቀልድ ነበር።

አርባሽ እንዳለፈ ደብተርሽን አወጣሁ። ማክሰኞዋ ሳትደርስ የጠየቅሽኝን ቀኝ እጅ ለምጄ፣ በሙት ዓመትሽ ዕለት በእነዚያው ሰዎች ፊት ልመታልሽ ወሰንኩ። ግን ሐዘን ቤት ነው፤ አንድ ድምፅ ቢወጣ አራዳ በሙሉ ሚስቱን ቀብሮ ይጨፍራል ይለኛል። ስለዚህ የላይኛውን መክደኛ አንስቼ አሮጌ ጋቢሽን በመዶሻዎቹና በሽቦዎቹ መሐል ጠቀጠቅሁት። ቁልፉን ስመታው ትራስ እንደመምታት ዱብ ይላል እንጂ አይጮኽም። ቁልፎቹ አቧራ ስለለበሱ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኳቸው፤ ፕላስተሮችሽ ተላቀቁ፤ በግምት መልሼ ለጠፍኳቸው።

አለሚቱ፣ ሊማሊሞን በጭነት መኪና ስወርድ ያላላበኝን ሰውዬ አሥር ነጫጭ ቁልፎች ላብ አጠመቁኝ። ጣቶቼ ቋንጣ ሆነዋል፤ አንዱን ሳዝ ሌላው ይነሳል። ግራ እግሬን አንቺ አደረግሁና አንድ ሁለት እያልኩ ወለሉን እረግጣለሁ፤ ቀኝ እጄ በመሐሉ መግባት ሲገባው አብሮ ይረግጣል። ሰድቤዋለሁ። አንቺንም ሰድቤሻለሁ፤ ይኼን ያህል የሚጣደፍ ዜማ ምን አስወደደሽ? ስድስት ወር ፈጀብኝ እስኪለያዩልኝ። ድምፁን ባልሰማም ጆሮዬ አርባ ዓመት የሰማውን ከራሱ እያወጣ ይሞላልኝ ነበር። በመጨረሻው ወር ሸጋ አድርጌ እመታው ነበር። በሐሳቤ ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ካህናቱ ከሄዱ በኋላ ሰዉ ሳሎን ተሰብስቦ ሳለ ተነሳሁና ጋቢውን ከፒያኖው ሆድ መዝዤ አወጣሁት። ሰናይት ደንግጣ፣ «አባዬ፣ ምን ልትሆን ነው?» አለች። ተቀመጥኩ፣ መታሁ።

የወጣው ነገር የአንቺ ዜማ አልነበረም። አካሄዱ የእሱ ነው፣ ፊቱ የሌላ ሰው ነው። ለካስ ፕላስተሮቹን ሁሉ አንድ አንድ ቁልፍ አዛንፌ ለጥፌያቸዋለሁ። አሥር ወር ሙሉ ስሕተቱን ነው የተለማመድኩት። ላቆም አልቻልኩም፤ እጄ ሌላ አያውቅም፤ እስከ ዳር መታሁት። ከዚያ ሐጂ፣ «አያ ታፈረ፣ ምነው፣ ይኼ ነገር የሚጮኸው ምኑን አሞት ነው?» አለ። አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሐጂን አልቀየምኩትም፤ ከእኔ የተማረው ነው። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ነው ያንቺ ሳቅ ምን ያህል እንደሚያም የገባኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሰናይት መጥታ ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ አንስታ ቦታቸው መለሰቻቸው። ቀስ ብዬ መታሁ። አለሚቱ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቁልፎች አንቺ ብቅ አልሽ። ግን ግራው የለም፤ ቀኙ ብቻውን የሚዘልበት ጠፍቶት ይንገዳገዳል። ግራውን በልጅነቷ አስተምረሻታል። «ልጄ፣ ቁጭ በይና ግራውን ያዥልኝ» አልኳት።

ሰናይት ያንቺ ልጅ ናት፤ አልጮኸችም። «ግራውን አውቀዋለሁ አባዬ፤ ግን አልይዝልህም። እሷ ስትጠይቅህ ነበር መቀመጥ» አለችኝና ሳህን ልታጥብ ወጣች። የምመልስላት ቀልድ ፈለግሁ። በሰባ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱን ከፍቼ ቀኙን ብቻ እመታለሁ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ግማሹ የት ሄደ እያሉ ያሾፉብኛል። ልክ ናቸው። ማክሰኞ ተሸካሚዎቹ ሲመጡ በሩን ራሴ እከፍትላቸዋለሁ፤ ተይልኝ ብዬ አልለምንሽም።

ደግነትሽን ሌሎች ያስታውሱልሽ፤ ለዚያ ሰው አላነሰሽም። የእኔ ድርሻ ያቺ ከሰዓት በኋላ ትሁን። ፒያሳ ቁጭ ብዬ ያን ቀልድ ያወራሁላቸው ሰዎች መጨረሻውን አልሰሙትም፤ ሳቁ ላይ ነው ያቆምኩላቸው። አሁን እየዞርኩ ለእያንዳንዳቸው ክዳኑ እስከተዘጋበት፣ ስምንቱም ወር እስካለቀበት ድረስ እጨርስላቸዋለሁ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ይህን ሳልረሳ ነው የምመጣው። አጠገብሽ ሲያሳርፉኝ ታዲያ፣ አደራሽን፣ ቶሎ ይቅር ብለሽ ጠጋ እንዳትይልኝ።

ባልሽ ታፈረ