ቀብሬ ላይ እንዳትቆም

ዓለሜ አዳነ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጎረቤታችንን የፈንቴን ነገር ልንገርህ። ኩላሊቱ ነው አሉት። ጎንደር ወስደውት ሲያስተኙት ከረሙና መጨረሻ ላይ «ቤቱ ይሁን» ብለው መለሱት፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፊቱ አብጧል። ያ በረኛ ሆኖ ጎል ላይ ሲቆም ከወዲያ ወዲህ ይወረወር የነበረ ሰው አሁን ደጅ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው ሚስቱ ጥሩዬ ደግፋው ነው። ሴቷ ልጁ አብደራፊ ከተማ የትራክተር ሹፌር አግብታ ወለደች፤ ሕፃኑን አምጥታ አሳየችው። ወንዱ ሱዳን እንደገባ ቀርቷል። እዚያ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ጥሩዬ «ኔትወርክ ጠፍቶ ነው» ትላለች፣ እኛም «ይሆናል» እንላታለን።

አንተ ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። መተማም ያው ናት፤ ሙቀቱም ያው፣ ጭቃውም ያው። ከኒሙ ዛፍ ሥር የምትቀመጥባትን ወንበር ዶሮዎቹ ወርሰዋታል። ሰናይት ልጅህ መምህርት ሆና ሽንፋ ተመደበች፤ ለእረፍት እየመጣች ትጠይቀኛለች። እኔ ወፍሬያለሁ። ሐዘን ያከሳል ሲሉ እሰማ ነበር፣ እኔን አወፈረኝ፤ ምን ላድርግ።

ስፖርት ጽሕፈት ቤትህ አዲስ ኃላፊ ገብቷል። ኳስ መትቶ አያውቅም ይላሉ፤ ሰላምተኛ ግን ነው። የሜዳው በር ላይ ስምህን በትልቁ አስጽፎልሃል። ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ትራክተሩን ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ያሳድራል። አንተ ብትኖር ጎማቸውን ታስተነፍሰው ነበር። አንድ ጊዜስ አስተንፍሰህ የለ፤ ባለእርሻው ደጃችን መጥቶ ሲጮህ አንተ ምሳህን ቀስ ብለህ ጨርሰህ፣ እጅህን ታጥበህ ነበር የወጣኸው።

ያወቅሁህ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። የአምበልነት ምልክት የሚባለው ስላልነበረ ከጤና ጣቢያ ያመጣኸውን ፋሻ ክንድህ ላይ ታስር ነበር። «ወደ ኋላ» ብለህ ስትጮህ ተጫዋቹ ቀርቶ ተመልካቹም ወደ ኋላ ይል ነበር፤ እኔም አብሬ እል ነበር። ከተጋባንም በኋላ አምበልነትህን ደጅ ትተህ አልገባህም። ሽሮው ያረረ ቀን ከኪስህ ቢጫ ካርድ አውጥተህ አሳየኸኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኛል። ቀዩን ስታወጣ ግን አያስቅም ነበር። ያንተ ቅጣት ማለቂያ አልነበረውም፣ አዳነ።

ይህን የምልህ ስለ ፈንቴ ነው። የዞኑ ዋንጫ ፍጻሜ ቀን በረኛው ፈንቴ ቀረ። አንተ ገንዳ ውሃ ከተማ ቡድኑን አሰልፈህ ስትጠብቀው እሱ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ለሱዳኑ የገላባት ቡድን ጎል ላይ ቆሞ ነበር። ተከላካይ በረኛ አድርገህ ገባህና ተሸነፋችሁ፤ ከመኪና ወርደህ በቀጥታ ገብተህ ተኛህ። ፈንቴ «ቃል ሰጥቼ ነበር» አለ። በቀን ሥራ ዘመኑ ወባ ሲጥለው አልጋውን ለቆ ያስታመመው የገላባት ሰው ነው የለመነው፤ የእኛ ጨዋታ ቀን ሳይቆረጥ በፊት እሺ ብሎት ነበር። አንተ ይህን አልሰማህም። መስማትስ ሰምተሃል፣ አልተቀበልከውም እንጂ።

ኃላፊ ሆነህ ስትሾም መጀመሪያ ማኅተም ያሳረፍክበት ወረቀት የፈንቴ እገዳ ነበር። መጫወት ብቻ አይደለም፤ ማሠልጠንም፣ ከሜዳው አጥር ውስጥ መግባትም። ሰው ሁሉ አንድ ዓመት ቀጥቶ ይምረዋል ብሎ ጠበቀ። ልጆቻችን ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ኳሷ አጥር ተሻግራ እነፈንቴ ጋ ትገባ ነበር። እሱ በእጁ ይወረውራታል፤ አጥሩ ከልሎት እያለ ልክ ልጁ ደረት ላይ ያሳርፋታል። አንድ ቀን ከኒሙ ሥር ሆነህ አየህና «እጁ አልሞተም» አልክ። እኔ ደስ አለኝ፣ ሊታረቁ ነው ብዬ። አንተ ግን ተነሥተህ ገባህ።

በቀብርህ ቀን አስከሬንህን የተሸከሙት የድሮ ተጫዋቾችህ ናቸው። ፈንቴ አልመጣም። ድንኳንም አልገባም፣ እግዜር ያጽናሽም አላለኝ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሳይቀብር ሲቀር አገራችን ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ እድሩ «ያልቀበረ አይቀበርም» ብሎ ሰረዘው። እኔም ደግ አደረጋችሁ አልኩ። ከጥሩዬ ጋር እሳት መጫጫር እንኳ ተውን።

ሐኪም ከመለሰው በኋላ ጥሩዬ መጣች። ሳትቀመጥ ቆማ ነገረችኝ። ለካ ፈንቴ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ያልከው ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሜዳው ዳር ብቻውን አግኝተኸው «ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም፤ በአባቴ አጥንት ገዝቼሃለሁ» ብለኸዋል። የቀብርህ ዕለት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆሞ አፈር እስክትለብስ አይቶሃል። ከዚያ ወዲህ አልተጠጋም። ውሸት ነው ብዬ ልመልሳት ነበር። ግን «በአባቴ አጥንት» የሚል ሌላ ሰው መተማ ውስጥ የለም፤ ስትናደድ እኔንም ብለኸኝ ታውቃለህ። እኔን ግን እስኪመሽ አላቆየኸኝም፣ ከግዝቱ ትፈታኝ ነበር።

ጥሩዬ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ ባሏ በግዝት ታስሮ እንዳይሞት፣ ሰው ቀብሮት ከአገሩ ሰው ጋር እንዲተኛ። የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። «የገዘተው ሰው ከሞተ ሚስትና ልጅ ይቅር ይበሉለት፤ ከዚያ እኔ እፈታዋለሁ» አሉ። ሰናይትን ይዤ፣ እሳቸውን አስቀድሜ ገባሁ። ፈንቴ ጠፍር አልጋው ላይ ነበር። ተንበርክኬ ስለ አዳነ ይቅር ብለንሃል፣ አንተም ይቅር በለን አልኩት።

«ተነሺ እቴ፣ ጉልበትሽን ያምሻል» አለኝ፤ አነጋገሩ እንኳ ደግ ነበር። ቀጥሎ «አምበል ያስወጣውን ተቀያሪ አይመልሰውም» አለኝ። «ለገላባቱ ሰው ቃሌን ብጠብቅ ከሃዲ ተባልኩ። የባልሽን ቃል ብጠብቅ ከእድር ወጣሁ። አሁን በስተመጨረሻ አንቺ መጥተሽ ልታስፈርሺኝ? ራሱ ይፍታኝ። እስክንገናኝ ይሸከመው።»

አባ «ልጄ፣ ይህ ትዕቢት ነው» አሉት። «ይሁን አባ፣ ሌላ ምን ተረፈኝ» አላቸው። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞሮ «አባትሽን መሰልሽ፤ ሽንፋ እንዴት ነው፣ ተማም?» አላት፣ ደኅና ነው ወይ ሲል እንደ ሱዳኖቹ። ልጅህ አለቀሰች።

ምን ልበልህ። ሰው ሞተ ሲባል ያጠፋው አብሮት የሚቀበር ይመስለኝ ነበር። ያንተ ይኸው አጥር ማዶ ተኝቶ ሲያቃስት ይሰማኛል። እሑድ እሑድ መቃብርህ ላይ መጥቼ ደግ ደጉን ብቻ ሳወራህ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ አልችልም። አልረሳህም፣ ይህን እምልልሃለሁ። ክንድህ ላይ ያሰርካትን ፋሻ፣ ቢጫ ካርድህን፣ ከድል ስትመለስ እኔን ከሕዝቡ መካከል በዓይንህ ስትፈልግ፣ አንዱንም አልረሳም። ፈንቴን ያልከውንም አልረሳም። ለልጆችህ ስነግር ሁለቱንም እነግራለሁ፤ ቅር ይበልህ።

ዛሬ ጧት የእድሩ ዳኛ አቶ ደሴ መጡ። ነገሩን ስላስረዳኋቸው ኮሚቴው መክሮበታል። «ግዝት መሆኑን አላወቅንም፤ ስሙን መልሰናል፣ እንቀብረዋለን» አሉኝ። «ከአዳነ መቃብር ጎን ቦታ አለ፤ የአንድ ቡድን ሰዎች ናቸው፣ ጎን ለጎን ይረፉ» አሉ። እሰይ ብዬ እግራቸውን ልስም ነበር። ወዲያው ሄደው ለፈንቴ ነገሩት።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ጥሩዬ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል መጣች። ፈንቴ ስሞት እናቴ አገር ሳንጃ ወስዳችሁ ቅበሩኝ ብሏል አለችኝ። የአብደራፊው አማቹ መኪና ይዞ እንዲመጣ ተነግሮታል። «እዚያ ከጎኑ ተኝቼ ቃሉን አላፈርስለትም» ብሏል አለችኝ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አጃቢው ብዙ ነው፣ እሱ ራሱ የቀባሪውን ስንቅ ከአሁኑ አሰናጂ ብሎ አዝዟታል። «ሰፌድሽን አውሺኝ» አለችኝ።