ሲፈንን ልናደርስ

ኅዳር 3፣ ጠዋት፣ ከበደሌ አለፍ ብሎ

ድንኳኑ በጤዛ ርሷል። ደብተሬ፣ የምጽፍልሽ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ነው። ልጄ ሲፈን ጡት ጠብታ አጠገቤ ተኝታለች። ባለቤቴ ገመቹ ታች ቆሞ ውሃ ያፈላል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ደግሞ ያያል። ዛሬውኑ ዳሪሙ መግባት እንችላለን ይላል። የያዮን ጫካ ሳላይ አልሄድም አልኩት። ያዮ ምን ጉዳይ እንዳለኝ አልጠየቀኝም።

ላንቺ ልንገርሽ፤ ለሌላ ሰው አልነገርኩም። ለጎረቤት ሁሉ የወሊድ ፈቃዴ ሳያልቅ አገር ልናይ ነው ብለናል። ውሸት። ሲፈንን ለገ. እናት ልንሰጥ ነው የምንሄደው፤ ነፍስ እስክታውቅ ዳሪሙ ልታድግ። ሠራተኛችን ሄደች። እናቴ በሕይወት የለችም። መ/ቤቴ ሕፃን ይዞ የሚገባ ሰው አይወድም። በስልክ ተነጋገርን፣ እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ድንኳኑ የገ. ሐሳብ ነው፤ ከጓደኛው ተውሶ ጣሪያው ላይ አሰረው። የመጨረሻዋን ሳምንት ደስ ብሎን እናሳልፋት አለ። ደስ ብሎን!

ኅዳር 4፣ ያዮ

ጫካው ጠርዝ ላይ አደርን። ጠዋት ዚፑን ስከፍት ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ከመኪናው ጎን ተሰልፈዋል። ነጭ መኪና፣ ድንኳን፣ ሕፃን፦ የክትባት ዘመቻ መስሏቸው ነው። ገ. በኦሮምኛ ቢያስረዳ ቢያስረዳ ሰልፉ አልተበተነም። ከኋላ ደግሞ ይጨመራል። አንዷ ቤት የላችሁም ወይ ብላ ጠየቀች። አለን። ታዲያ መኪና ላይ ምን ሰቀላችሁ? ሳቅሁ፤ ሆዴን እስኪያመኝ።

ያቺው ሴትዮ ሲፉን ተቀብላ አቀፈቻት። ቅርጫቷ ቀይ ቡና ሞልቷል፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ወዴት ልትወስዷት ነው አለች። አያቷን ልናሳያት አልኩ። መስጠት የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ሳቁ ወዲያው ጠፋብኝ።

ዛሬም እዚሁ እንደር አልኩ። ገ. ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ኅዳር 6፣ መቱ፣ ከሰዓት

የገ. ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ታደሰ ቤት ምሳ በላን። ረጋ ያለ ሰው ነው። ሲፉን አገላብጦ ሳማት። እትዬ ከሰኞ ጀምረው እየጠበቋችሁ ነው አለን። እትዬ የሚለው የገዛ እናቱን ነው፤ አንቱም ይላቸዋል። ገ. ግን አዮ፣ እማዬ፣ ይላታል፣ አንቺ ይላታል፣ ይጨቃጨቃታል። እኔ ሲፉ ከተወለደች ወዲህ እንደ አገሩ አኮ፣ አያት፣ ነው የምላቸው። የታላቁ ልጅ ጨዋነት ሁሌ ያስደንቀኛል።

ከዚህ ዳሪሙ ቅርብ ነው። ቡሬ ያለችውን አክስትህን ሳናይ ብናልፍ አትቀየምም ወይ አልኩት ገ.ን። ቡሬ በሌላ በኩል ነው። በረጅሙ ተነፈሰ። መሪውን አዞረው።

ኅዳር 7፣ ቡሬ፣ አመሻሽ

ትናንት ጎሬ አድረን ዛሬ ደረስን። እትዬ አበበች፣ የአኮ ታናሽ እህት። ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው አስጨነቀኝ። ገና ሳንቀመጥ ሲፉን ከእጄ ወሰዷት፣ ለጎረቤት አዞሯት። የራሳቸውን አልጋ ለቀውልናል፤ አንሶላው አዲስ ነው፣ እጥፋቱ እንኳ አልጠፋም። እሳቸው መደብ ላይ ሊተኙ። አይቸገሩ፣ አልጋችንን ይዘን ነው የመጣነው አልኩና ድንኳኑን ግቢያቸው ውስጥ ዘረጋን። ትሕትና መስሎኝ ነው። ኧረ ላንቺስ አልዋሽም፦ ድንኳኑ ውስጥ ማንም ከእጄ አይወስዳትም።

ኅዳር 8፣ ጎሬ፣ መንገድ ዳር

ጉድ ሠራሁ።

ጠዋት ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ መኪናውን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ እትዬ አበበችን አዩ። አንዷ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ትኋን ነው ወይ አለችኝ። ያኔ ገባኝ። እዚህ አገር ግቢ ገብቶ ውጭ የሚያድር እንግዳ ቤቱን ተጸይፎ ነው። እትዬ አበበች ቁርስ አቀረቡ፣ ብሉ ብሉ አሉ፣ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። ስንወጣ ሲፉን ሳሙ። እኔን አልሳሙኝም።

ገ.ን አንተ የአገሩ ልጅ፣ እንዴት አልነገርከኝም አልኩት። አልጋውን እያየሽ ስትወጪ ምን ልበል፣ ሰው ፊት ልጣላሽ? አለ። ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ጎሬ ሳንደርስ አኮ ደወሉ። ወሬው ቀድሞናል። የእህቴን አልጋ የተጸየፈ ሰው የኔ ደጅ ድረስ አይድከም ብለው ዘጉ። ገ. ፊቱ ተለዋወጠ።

እኔስ? አፍሬ እጽፍልሻለሁ፦ ደስ አለኝ። ከተቀየሙ አይቀበሏትም። ካልተቀበሏት ሲፉ የእኔ ናት። ሴትየዋን አስነውሬ፣ ባሌን አዋርጄ፣ እዚህ ተቀምጬ ደስ ይለኛል። ገ. ግን መኪናውን አስነስቷል። እግራቸው ላይም ቢሆን ወድቀን ይቅርታ እንጠይቃለን እንጂ አንመለስም ይላል።

ኅዳር 9፣ ዳሪሙ

አኮ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ለእኛ እጃቸውን አልዘረጉም። ሲፉን ተቀበሉኝ፣ አናቷ ላይ ቅቤ አደረጉላት፣ ይዘዋት ገቡ። ተከትዬ ገባሁ። ከአልጋቸው ጎን ትንሽ አልጋ፤ እንጨቱ ገና ይሸታል፣ አናጢ አሠርተውላታል። ደጅ የወለደች ላም ታስራለች። ሁሉም ለሲፉ።

ሲፉ አለቀሰች። እጄን ዘረጋሁ፤ አኮ ቀደሙኝና አዘሏት። ዝም አለች። ዝም ትላለች እንዴ! ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ዛሬ ቤት ውስጥ ነው የምናድረው አልኩ፣ በልምምጥ። መጀመሪያ ያንን ነገር አሳዪኝ አሉ።

ጫማቸውን አውልቀው በመሰላሉ ወጡ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለታችን፣ ጉልበት ለጉልበት። ማን የት እንደሚተኛ ጠየቁ። ሲፉ ከግድግዳው በኩል፣ እኔ በመውጫው በኩል፣ ገ. ከእግራችን። የእኔን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ በኦሮምኛ ልጄ ብለው ጀመሩ፦

"ኢንተለ ኮ፣ በደሌ አደራችሁ። ያዮ ሦስቴ አደራችሁ። መቱ ደርሳችሁ ወደ ቡሬ ዞራችሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። የሚሰጥ ሰው በቀጥታ ይመጣል።"

አለቀስኩ። ይቅርታ የምለው ለቡሬው ይሁን ለዚህ እኔም አላውቅም። አኮ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የታደሰን ነገሩኝ። እሱን እንደወለዱ ሥራ ስለበዛባቸው ለአማታቸው ሰጥተውታል። ሲመልሱት ትልቅ ልጅ ነበር። እትዬ አላቸው። ይለምዳል ብለው ጠበቁ። ይኸው ሸብቷል።

"ጥሩ ልጅ ነው፣ ምንም አላጎደለብኝም" አሉ። "እትዬ ነው የሚለኝ።"

ከላይ ጨዋነት ብዬ የጻፍኩልሽን ሰረዝኩት።

ኅዳር 10፣ ዳሪሙ፣ ማለዳ

ቤት ውስጥ አደርን። እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ተወሰነ። ሲፈን ከእኛ ጋር ትመለሳለች። አኮ ቡናው ተለቅሞ ሲደርቅ አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ሥራው እስኪጠራቸው ከእኛ ጋር ይቆያሉ። እስከዚያ ፈቃድ ያለ ደመወዝ እጠይቃለሁ። አለቃዬ እምቢ ቢለኝስ? አላውቅም። ያስፈራኛል፤ ግን የትናንቱ ዓይነት ፍርሃት አይደለም።

ለገ. የነገሩት አኮ ናቸው። ወጥቼ ሳይ ትንሿን አልጋ ተሸክሞ ወጥቷል፤ ድንኳኑን አጣጥፎ እሷን ከላዩ ላይ እያሰረ ነው። ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረው።

አኮ አንድ ትእዛዝ አላቸው። በቡሬ በኩል እንድንመለስ። አሁን ደግሞ ዙሪያ መንገድ የሚያዘኝ ሌላ ሰው ተገኘ። በእትዬ አበበች አልጋ ላይ፣ በአዲሱ አንሶላ፣ ሦስታችንም እናድራለን። ጎረቤት እንዲያየን በጊዜ እንገባለን፣ ጠዋትም አርፍደን እንነሳለን። ትኋን ቢኖርም እንተኛለን።

ሲፉ ነቃች። አኮ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነው፣ ሊያነሷት። ቆዪ፣ እኔ ልቅደም