ፕሪንተር ኖሮን አያውቅም

ውድ ኦስማኒ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው፤ ደስ እንዳይልህ። ድሮ የምጠራህ «አበልጄ» እያልኩ ነበር። ልጄን ሊስቤትን ክርስትና ያነሳሃት አንተ ነህና። ዛሬ ግን ያንን ቃል ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ።

እኔ በትንሽ በትልቁ የምጠየፍ ሴት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። እዚህ ካማጉዌይ ከተማ፣ በቤቴ በረንዳ ላይ ያችን የስልክና የኮምፒዩተር ጥገና ከከፈትን ጀምሮ አንተ የማትነካውን የምነካው እኔ ነበርኩ። «ቻርጅ አላደርግ አለኝ» ተብሎ የመጣን ስልክ ቀዳዳውን በጥርስ መጎርጎሪያ ጎርጉሬ፣ የስንት ሰው የኪስ እድፍ አውጥቻለሁ! ውሃ ውስጥ የወደቀ ስልኳን ለሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ ቀብራ ያመጣችው ሴትዮስ ትዝ ትልሃለች? «እትዬ፣ ሩዝ ምንም አያደርግለትም፤ ወዲያው አጥፍቶ፣ ከፍቶ፣ በአልኮል መጥረግ ነው» ስላት፣ «ውይ! ሩዙን እኮ ትናንት በላነው!» ብላ ሆዷን ያዘች። የጫማ ሰሪው የኢንተርኔት ሳጥን ደግሞ ነበር፣ ከፍሪጅ ኋላ የኖረው። ስከፍተው በረሮ ከነልጅ ልጁ ሲተራመስ አንተ ወደ መንገድ ወጥተህ አስመለስክ። እኔ ጠረግኩት፣ «ከፍሪጅ ኋላ አውጡና ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት፣ ብረት ኢንተርኔት ያስቀራል» ብዬ ላክሁት፣ እጄን ታጥቤ ምሳዬን በላሁ። ያ ሁሉ አልቀፈፈኝም። አንተ ግን ቀፈፍከኝ።

ነገሩ እንዴት እንደወጣ ልንገርህ። ወደ ውጭ አገር በሄድክ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ቀትር ላይ፣ እንደወትሮው ለሰፈሩ የምንገለብጠው የሳምንቱ ድራማ መጣና ሰዉ ፍላሹን ይዞ ተሰለፈ። የመጀመሪያዋ እትዬ ኤኔይዳ ነበሩ። ለእሳቸው በዚያች ትተሃት በሄድካት ጥቁር ዲስክህ ላይ ያለውን የድራማ ፎልደር እንዳለ ገለበጥኩላቸውና «ከምሳ በኋላ ሰፈሩን ሰብስቤ አሳያለሁ» ብለው ሄዱ። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ ፍላሽ ግን «ቦታ የለም፣ ሞልቷል» አለ። ድራማው መቼም ያን ያህል አይከብድም። ኮምፒዩተሩን የተደበቁ ፋይሎች ይታዩ ብዬ አዘዝኩት። ከክፍል አርባ አንድና ከክፍል አርባ ሁለት መሃል «ፕሪንተር» የሚል ፎልደር ብቅ አለ። እኛ ፕሪንተር ኖሮን አያውቅም። ከፈትኩት። የሴት ስም፣ ከሥሩ ቀን። የሴት ስም፣ ከሥሩ ቀን። ሠላሳ አንድ ሴት። ልጄን ከምታስተምራት ከኢዳልሚስ ፎቶዎች አንዱን ብቻ አየሁና ዘጋሁት። ሩቅ አገር ለሚሠራው ባሏ ብቻ የላከችው ነበር።

ቱ! ስልካቸውን ሊያሠሩ ሲመጡ የሚስጥር ቁጥራቸውን በፕላስተር ላይ ጽፈን ከጀርባው የምንለጥፍላቸው እኛ ነን። ስክሪኑ ሠርቶ እንደሆነ ለማየት ነው ብለን ነበር። አንተ ለካ የምታየው ሌላ ኖሯል!

ያን ጊዜ ነው እትዬ ኤኔይዳ ትዝ ያሉኝ። ኮምፒዩተር የደበቀውን ቴሌቪዥን እንደማይደብቅ አንተም እኔም እናውቃለን። ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ያሳያል። ሰዓቱ ደግሞ ምሳ አልፏል። ሱቁን እንደተከፈተ፣ ሰውዬውን እንደቆመ ትቼ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

ስደርስ ዐሥራ አምስት ሰው ያህል ወንበር ይዞ ተቀምጧል። እትዬ ኤኔይዳ ሪሞቱን ይዘው ቆመዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ስሞቹ ተደርድረዋል።

«ማይሌን፣ ነይ ቁጭ በይ! አዲስ ድራማ ጨምረሽልናል እንዴ? ኢዳልሚስ፣ ያኔት፣ ሶራያ... ይሄ ሁሉ የሴት ስም ምንድነው?»

«የገዳም ታሪክ ነው መሰለኝ» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ።

«ኢዳልሚስ?» አሉ የኢዳልሚስ አማት፣ እትዬ ሆርቴንሲያ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «የኔ ልጅ ሚስት ናት እንዴ ድራማ የምትሠራው? ክፈቺው እስቲ፣ ኤኔይዳ፣ እንያት።»

ሪሞቱ ወደ ላይ ተነሳ። እኔ በሰው ጉልበት ላይ ተረማምጄ ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መነጨቅኩት።

«ቫይረስ አለበት! ቴሌቪዥኑን ያቃጥለዋል!»

«ጉድ ፈላ!» አሉ እትዬ ኤኔይዳ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «እኛንስ ይይዘናል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ በሳቅኩ ነበር። ፍላሹን ጨብጬ ወጣሁ። እትዬ ሆርቴንሲያ ግን እስከ በሩ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉኝ።

ቤት ገብቼ ምን እንዳደረግኩ ላንተ መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን እናገራለሁ። ሠላሳ አንዱን ስም በጣቴ እየተከተልኩ የኔን ስም ፈለግኩ። የለም። «እኔንስ አክብሮኛል» ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ከሁሉም ከሁሉም ያቅለሸለሸኝ ያ ደስታ ነው።

ከዚያም ዝም አልኩ። ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞ ዝም፣ ረቡዕ ዝም። ጠዋት ጠዋት ሊስቤትን ሳደርስ ኢዳልሚስን በር ላይ አገኛታለሁ፤ ጉንጯን ስሜ፣ ስለ አየሩ አውርቼ እመለሳለሁ። ሱቁ ይዘጋብኛል ብዬ ፈራሁ። ያንተም ስም አሳሰበኝ፤ የልጄ የክርስትና አባት ነህና። ሐሙስ ዕለት ሊስቤት ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «ማሚ፣ መምህራችን ክፍል ውስጥ አለቀሰች» አለችኝ። ለካ አማቷ ዝም አላሉም። «ስምሽ ቴሌቪዥን ላይ ምን ይሠራል? አንቺ ምን የደበቅሽው ነገር አለ?» እያሉ ሲነዘንዟት ከርመው ለልጃቸውም ደውለውለታል። ባሏ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን አያነሳም።

ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ደብተር እያረመች ነበር። እስክሪብቶውን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ጉንጬን ስትስሚ ነበር?»

ያንተን ስም ጠርቼ ልራገም ስጀምር አቋረጠችኝ። «ተይው እሱን። ያንን የሚስጥር ቁጥር ለእሱ አልሰጠሁም፣ ማይሌን። እዚያ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው የሰጠሁት።»

ገባህ? እነዚያ ሴቶች ሁሉ ያንተን መልክ አምነው አልመጡም። «ሴት አለችበት» እየተባባሉ ነው የመጡት። እኔን ማጥመጃ አድርገህ አስቀምጠኸኝ፣ ቡና እያፈላሁልህ፣ «ጎበዝ ነው አበልጄ፣ ስልካችሁን ስጡት» እያልኩ ስሰብክልህ ኖርኩ። ኤጭ!

የዚያኑ ዕለት ከኢዳልሚስ ጋር እትዬ ሆርቴንሲያ ዘንድ ሄድን። ያለ ቫይረስ፣ ያለ ውሸት ተናገርኩ። አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እኔ ደግሞ ክፈቺው አልኩ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ለልጃቸው እንደገና ደውለው እውነቱን የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሠላሳ በሮች አንኳኳሁ። አንዷ በጥፊ አለችኝ፤ ተቀበልኩ። ያኔት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ሌላዋ «ማን ማን አይቶታል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አንተ ምን ያህሉን ይዘህ እንደሄድክ እንኳ አላውቅም። ዲስኩን ከሴቶቹ ጋር ተስማምተን ለፖሊስ አስረክበነዋል። አሁን በረንዳዬ ላይ ስልክ የሚከፈተው ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጦ ነው። ሚሞሪ ካርዱን መጀመሪያ አውጥቼ እጁ ላይ አኖራለሁ፤ ቁጥሩንም ራሱ ይነካል እንጂ አልጠይቅም። ብዙ ሰው አይመጣም።

ይሄን ሁሉ ሳትሰማ ነው ባለፈው ሳምንት ከሞንቴቪዴዮ መልእክትህ የደረሰኝ። «አበልጅ፣ ሊስቤትን ሳሚልኝ። እዚህ ስልክ ጥገና ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። የሱቁ ባለቤት ሴኞራ ግራሲዬላ ጥሩ ሴት ናት፤ የበፊት ሥራዬ ላይ ታማኝ እንደነበርኩ የሚገልጽ ደብዳቤ ትፈልጋለች። አንቺ ከጻፍሽው ታምናለች፣ ሴት ለሴት ትተማመናላችሁ። ጥቁሯን ዲስክም ከሰው ጋር ላኪልኝ፣ የፕሪንተር ፋይል አለኝ።» ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ማለት ይሄ ነው! ሦስቴ አነበብኩት፤ ከዚያ ወረቀት አወጣሁ።

ሊስቤትን አልሳምኩልህም። ወደፊትም አልስምልህም። ስትጠይቀኝ ጊዜው ሲደርስ እውነቱን እነግራታለሁ።

ደብዳቤውን ግን ይኸው ጻፍኩት። ኢዳልሚስ ስሟ እንዲጠራ ፈቅዳ፣ ፊደሉንም አርማልኛለች። ይዛው የምትመጣው የሶራያ እህት ናት፤ ፖስታው ላይ ያለው ስም ግን ያንተ አይደለም። ሴኞራ ግራሲዬላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብባ ስትጨርስ እንድታቀብልህ ለምኛታለሁ። እንግዲህ አሁን ይሄን የምታነበው እሷ ፊትህ ቆማ ነው። እጅህ ላይ ያለው የማን ስልክ ነው? አስቀምጠው።

ማይሌን ኬሳዳ