ተረካቢ ያጣ ቤት

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጥጋቡ ወልደ ሰንበት፤
አዲስ አበባ።

እንደ ጋይንት ብርድ አልለቅ ያለኝን ናፍቆቴን ካስቀደምኩ በኋላ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ያ የክረምት ሳልህስ ለቀቀህ? ዓለምጸሐይ እንዴት ናት? ሕፃኑስ ጥርስ አበቀለ ወይስ እንደ አባቱ ድዱን እያሳየ ብዙ ሊያስቀን ነው? እኔ አጎትህ ከአንድ ነገር በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አንዱ ነገር ከዚህ ቤት መውጣት አለመቻሌ ነው። ታምሜ አይደለም። ታስሬም አይደለም፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ ዓርብ ድረስ። ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ ጊዜ እንደሆን ሞልቶኛል።

የላክኸው ደብዳቤ በጨው ነጋዴ እጅ ዞሮ ዞሮ ደረሰኝ። ከጓደኛህ ከቻላቸው ጋር ሆነህ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ለማቅረብ ጨረታ ልትገባ ነው። ጨረታ፣ ናሙና፣ ዋስትና፣ መቀጫ፣ ርክክብ የሚሉትን ቃላት አስረዳኝ፣ ደግሞም ዋስ ሁነኝ ብለሃል። ጉድ እኮ ነው! እኔ ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ አንተ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰህ እኔን ትጠይቃለህ። ግን የምትጠይቀውን ሰው አልተሳሳትህም። ሌላው ሰው እነዚህን ቃላት ያነባቸዋል፤ እኔ ውስጣቸው እየኖርኩ ነው።

አምና መስከረም ላይ ንፋስ መውጫ፣ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በእስቴ በኩል አንዲት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል ይላል። ገበያተኛው ከቦ ያየዋል እንጂ የሚያነበው አልነበረም። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። አንድ ጥጋበኛ ነጋዴ ከኋላ ሆኖ፣ «አንብበህልናል፣ በቃ ሂድ፤ ድንጋይ ጠራቢ ከመንግሥት ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ። አጎትህን ታውቀዋለህ። አትችልም ካላሉኝ ከመደቤም አልነሳ።

እኔ የማውቀው ጨረታ የገበያውን ነበር። በቅሎዋ መሐል ትቆማለች፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይጨምራል፣ የሚያጫርተው ሰው ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል። የመንግሥት ጨረታ ግን አፍ የለውም። ዋጋህን በወረቀት ትጽፋለህ፣ በፖስታ ታሽገዋለህ፣ ሌላው ምን እንዳለ ሳታውቅ ቤትህ ገብተህ ትጨነቃለህ። ደግሞም የተገላቢጦሽ ነው፤ በገበያ የሚረታው ብዙ የጠራ ነው፣ እዚህ ጥቂት የጠራ። እኔ የማሽግበት ሰም ባጣ ከአባትህ የጧፍ ቁራጭ ለምኜ አቅልጬ አሸግሁት። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አቶ አዳነ ፖስታውን አሸተቱና፣ «ይህ ዋጋ ነው ወይስ ስለት?» አሉኝ። «ሁለቱም ነው ጌታዬ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ጨረታውን አገኘሁ።

ቀጥሎ ናሙና አምጣ ተባልኩ። ናሙና ማለት ኋላ የምታቀርበው ሁሉ እሱን እንዲመስል አስቀድመህ የምታሳየው አንድ ዕቃ ነው። ለአንተ አንድ ወንበር ይሆናል፤ ለእኔ አንዲት ጥርብ ድንጋይ ሆነች። በበቅሎ ጭኜ ደብረ ታቦር አደረስኳት። በሌላ ጊዜ ብሄድ ነፋስ እንዳይዘጋው የቢሮውን በር ደግፋ ቆማለች። እስካሁንም እዚያው ናት። ከእኛ ዘር ቢሮ የገባች እሷ ብቻ ናት። አንተ ግን ጠንቀቅ በል፤ ናሙናውን ከልክ በላይ አታሳምር፣ ቀሪውን ሁሉ እንደሱ አድርግ ይሉሃል። እኔ በዚያች ድንጋይ ጠንቅ ግድግዳውን ሙሉ ሳለዝብ ከረምኩ።

አሁን ወደ ዋስትናው እንምጣ። ውሉ፣ «ሥራውን ለመፈጸሙ ዋስ ያቅርብ» ይላል። እኛ ዘንድ ዋስ ማለት ሰው ነው። መንግሥት ግን ሰው ብቻውን አይበቃውም፤ ከነቤቱ ይፈልገዋል። አባትህ ቄስ ወልደ ሰንበት ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። ታላቄ ናቸውና እንደ ልማዳቸው ተቆጡ፣ እንደ ልማዳቸውም እሺ አሉ። የንፋስ መውጫውን ቆርቆሮ ቤት፣ እናትህ የሻረግ ዛሬ የምትኖርበትን ቤት፣ ስለ እኔ አስያዙ። ይህን ልብ አድርግልኝ። እኔ ከውሉ ብጎድል መንግሥት የሚይዘው ያን ቤት ነው።

ሥራው መልካም ሄደ። መስኮቶቹ መስታወት ይኑራቸው ስለሚል፣ መስታወቱን በጭድ ጠቅጥቀን በበቅሎ አመጣነው። አገሬው መስታወት ተሸክሞ ገደል የሚወርድ በቅሎ ለማየት ከእርሻው እየተነሣ መጣ። መቀጫ የሚሉትን ፈርቼ ነበርና ከቀኑ ቀድሜ ዘንድሮ ጥር ላይ ጨረስኩ። መቀጫ ማለት ሠሪው በዘገየ ቁጥር የሚቆረጥበት ነው። የሚረከበው ሰው ቢዘገይስ? ለእሱ መቀጫ የለውም። ይህን ያስተዋልኩት ኋላ ነው፣ ሥራ ፈትቼ ውሉን እንደ ዳዊት ስደግም።

ርክክብ ማለት እንግዲህ ሠሪው «እነሆ» ብሎ ቁልፉን ሲሰጥ፣ አሠሪው «ተቀብያለሁ» ብሎ ሲፈርም ነው። ያች ፊርማ ዋሱን ታስፈታለች፣ ሠሪውን ወደ ቤቱ ትሰዳለች። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ውሉ፣ «ርክክቡ እስኪፈጸም ድረስ ሠሪው ራሱ ሕንፃውን ይጠብቃል፤ ጥሎ ቢሄድ ዋስትናው ይወረሳል» ይላል። ራሱ የምትለዋን ስፈርም አላየኋትም ነበር። ለመረከብ ደግሞ ሦስት ሰዎች አብረው መምጣት አለባቸው። አንዱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሁለተኛው ታመመ። ሦስተኛው የውሎ አበሉ እስኪፈቀድ ይጠብቃል፤ የሚፈቅድለት የተዛወረው ነው።

እናም ከጥር ጀምሮ እዚህ ነኝ። በባዶ ክፍል ገለባ አንጥፌ እተኛለሁ። እስከ ምንጩ ድረስ ወርጄ በሩጫ እመለሳለሁ። ራሴ ባስገባሁት መስታወት ሰው ሲያርስ አያለሁ፤ የእኔን በሬዎች ጋይንት ላይ የጎረቤት ልጅ ይነዳቸዋል። ባለቤቴ ውዴ አንድ ቀን መጥታ አይታኝ ሄደች። ከሄደች በኋላ ደግሞ፣ «የመንግሥት ቤት አግኝተህ ሌላ ሚስት ልታገባ ከሆነ አስቀድመህ ንገረኝ፤ አጃቢ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ላከችብኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የሚከብደው ይህ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ቤቱ አልቆ፣ ሰው ገብቶበት ሲያይ ሐኪም መጥቷል ብሎ ይመጣል። ስንዱ የምትባል ሴት ትኩሳት የያዘው ልጇን አዝላ ከሩቅ መጣች። ሐኪሙ ገና ነው አልኳት። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ለልጁ ውሃ ሰጠሁት፣ ትንሽ አርፋ ተመለሰች። ልጁ እንደዳነ ሰምቻለሁ፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል።

አሁን ጥፋቴን ስማ። ከቤቱ በታች እማማ አልጣሽ የሚባሉ ባልቴት አሉ። አንድ እሑድ ማሰሮ ጠላና ዳቦ አስይዘው መጡና ከደጅ ቆመው፣ «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ። ቤቱ የእኔ መስሏቸዋል። ኧረ የመንግሥት ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ምላሴን ታውቃታለህ፣ ማሰሮዋንም አይቻታለሁ። «እንቦሳ እሰሩ!» አልኳቸው። በሳምንቱ መንደሩ በሙሉ ቤት ለእንቦሳ እያለ ገባ። አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ምርቃት ብቻ ይዞ መጣ። እኔም ለሁሉም እንቦሳ እሰሩ አልኩ፤ ከጥር ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው ደብረ ታቦር ደረሰ። ሐኪሙን ላኩልን፣ ቁልፉን ተረከቡኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አቤት ብዬ መልስ ያልሰጠኝ መሥሪያ ቤት፣ ለዚህኛው ግን ሳምንት አልቆየም። «የመንግሥትን ሕንፃ ያለ ፈቃድ የግል መኖሪያ ማድረግህ ስለተሰማ ባስቸኳይ እንድትለቅ» የሚል ወረቀት መጣልኝ። ውሉን በቀኝ፣ ወረቀቱን በግራ አድርጌ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ብሄድ ጥሎ ሄደ ተብሎ የእናትህ ቤት ይወረሳል። ብቀመጥ የመንግሥት ቤት ቀማኛ ነኝ። ጥጋቡ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው አታልዬ ከብዙ ነገር አምልጫለሁ፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም በሮች ራሴ እንደ ገነባኋቸው ገባኝ።

አባትህ ሰምተው፣ «አንተ ልጅ መቼ ነው የምታድገው?» ብለው ላኩብኝ። ስለ ቤታቸው ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሽ ሲነጋ ካሰብኩት በኋላ አንድ ነገር በራልኝ። እነዚህ ሰዎች ና ተቀበል ሲሏቸው አይመጡም፤ ወሰድኩባችሁ ሲሏቸው ግን በቅሎ ይጭናሉ። ስለዚህ መልስ ጻፍኩ። ልመና የለውም። «ቤቱ የእኔ ነው። አገር ቤት ለእንቦሳ ብሎኛል። መጥቶ የሚያስለቅቀኝ ካለ ይሞክር» አልኩ። እማማ አልጣሽን ደግሞ አንዲት ጥጃ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። «ልታርድብኝ ነው?» አሉ። «እንቦሳ እሰሩ ብዬ ያለ እንቦሳ መቅረቴ አሳፈረኝ» አልኳቸው። እየሳቁ ሰጡኝ። በረንዳው ምሰሶ ላይ አሰርኳት።

ትናንት መልስ ደረሰ። ምክትል ገዥው ነጭ ለባሽ አስከትለው፣ አቶ አዳነን ከነማኅተማቸው ይዘው ሰኞ ሊያስለቅቁኝ ይመጣሉ። ከጥር ጀምሮ የለመንኩት ሁሉ በአንድ ቀን! እኔም የርክክብ ወረቀት በሁለት ቅጂ ጽፌ አዘጋጅቻለሁ። ውጣ ሲሉኝ እወጣለሁ፣ አልከራከርም። ቁልፉን አምጣ ሲሉኝ ግን፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» እላለሁ። ካልፈረሙ ቁልፍ የለም። ምክትል ገዥው ከፈረሙበት፣ ማኅተም ካረፈበት ደግሞ፣ ሦስቱ ሰዎች የት አሉ ብሎ ማን ይጠይቃል? በኃይል ቢወስዱትም እማማ አልጣሽና የመንደሩ ሽማግሌዎች ከማለዳ ጀምሮ እበረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ቤቱ ደኅና ሆኖ፣ መስታወቱ ሳይሰበር፣ ቁልፉን ማን እንደ ተቀበለ ያያሉ። እንግዲህ ፊርማ ይዘው ይመጡ እንደሆን ሰንሰለት፣ ወይም ሁለቱንም፣ አላውቅም። ታስሬ የእናትህ ቤት ከተፈታ ሒሳቡ ለእኔ ይስማማኛል። የሚያስፈራኝ ሳይፈርሙ አስረውኝ የሄዱ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ጥሎ ሄደ ይሉኛል።

ለአንተ ዋስ መሆን አልችልም፤ በሰው ቤት የተያዘ ሰው ለሌላ ዋስ አይሆንም። አባትህንም አትጠይቃቸው። እሺ ይላሉ። ችግሩ እሱ ነው፣ እሺ ይላሉ። ጨረታውን ግን ተው አልልህም፤ ይህ ቤት ካየሃቸው ቤቶች ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ስለ መሥራቴ አልተጸጸትኩም። ብቻ ከመፈረምህ በፊት፣ ወንበሩን የሚረከበኝ ማን ነው፣ በየትኛው ቀን፣ ባይመጣስ ምን ይሆናል ብለህ ጠይቅ። መልሱን በውሉ ውስጥ ካላጻፍህ በራስህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታረጃለህ፤ ቢያንስ እንደ እኔ ገለባ ላይ አትተኛም።

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሰኞ ካለፈ ቆይቷል። ወይ በሬዎቼን ይዤ እርሻዬ ላይ ነኝ፣ ወይ በሌላ የመንግሥት ቤት ነኝ፤ ያኛው እንኳ የሚጠብቀው ሌላ ሰው አለው። ክፉውን ከሰማህ ሥራህን አቁመህ ንፋስ መውጫ ውረድ፣ ከእናትህ አጠገብ ሁን። የውሉን ግልባጭ አባትህ ዘንድ ልኬዋለሁ።

ለዓለምጸሐይ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንተን ችላ መኖሯ ብቻውን ያጸድቃታል። ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ጥርስ ካወጣ ግን ተጠንቅቀህ። ቻላቸውን ሰላም በልልኝ፤ ሰም ካጣችሁ የጧፍ ቁራጭ አለኝ። ውዴ በያላችሁበት ሰላም ሁኑ ትላለች፤ የአባትህና የእናትህ ናፍቆትም ከእኔ ጋር ተደርቦ ይድረስህ። ጥጃዋም ትጮኻለች፤ እናቷን ፈልጋ ነው፣ ወደ ቤቷ መሄድ አምሯታል።

የማያድገው አጎትህ፣
ቀለመወርቅ

እስቴ፣ ገና ማንም ካልተረከበው ቤት፤
ዓርብ ግንቦት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.