«አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» የተሰኘው ዘፈን በትክክለኛ ፍጥነቱ እንዲሰማ ስለመጠየቅ

ለክቡር የከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለጆሮዎ ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ጆሮዎን ለይቼ ያነሣሁት በክፋት እንዳይመስልብኝ፤ የሥራ መሣሪያዎ ስለሆነ ነው። አናጺ ቢሆኑ ኖሮ ለእጅዎ እመኝ ነበር።

እኔ በታይፒስትነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተናደዱ አለቆችን ደብዳቤ በጨዋ ቋንቋ ስተይብ ስለኖርኩ፣ ዛሬ የራሴን ንዴት በዚያው ቋንቋ ብጽፍ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አለኝ። ከዚህም ሌላ የ«አራቱ ችኩሎች» አድናቂዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበሩ ማኅተም የለውም፤ ቢሮው ፀጉር ቤት ነው፤ አባላቱም በየጊዜው እያረፉ ስላስቸገሩን ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶልን አያውቅም።

አራቱ ችኩሎች በስድሳዎቹ የነበሩ የሮክ ባንድ ናቸው። የዘመኑ ዝነኞች ፎቶግራፍ በየግድግዳው ሲሰቀል፣ የእኛዎቹ በየሠርጉና በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጫውተው፣ በእርስዎ ጣቢያ ስቱዲዮ አንዲት ትንሽ ሸክላ አስቀርጸው፣ ጊታራቸውን ሸጠው ወደየሥራቸው ተበተኑ። በሸክላዋ ላይ ያለችው ዘፈን «አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» ትባላለች፤ አንድ ጎረምሳ ፍቅረኛው ጫማ እየመረጠች ስታስረፍደው ቶሎ በይ እያለ የሚለማመጥባት፣ ተጀምራ እስክታልቅ እግር መሬት የማይነካባት ዘፈን ናት። እኛ አድናቂዎቹ እነሱን የሚያህል ባንድ ከዚያ ወዲህ አልተፈጠረም እንላለን። ይህን ስንል ግን ዘፈኗን ከሰማናት ሃምሳ ዓመት ሊሆነን ነው፤ እኔ ዘንድ የነበረችውን ሸክላ የተዋሰኝ አድናቂ እስካሁን እያደነቃት ነው። ስለዚህ በትዝታ ብቻ እናንጎራጉራታለን፤ ፀጉር አስተካካያችን በአንድ ዜማ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር በሌላ ዜማ፣ ሁለቱም እየተሰዳደቡ።

ዘፋኙ ዛሬም አለ። ድምፁ ቀጭን ስለነበር «ፉጨት» እንለዋለን፤ በላውንደሪ ልብስ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው፣ የታናሽ እህቴም ባል ነው። የግራ ጆሮው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየከዳው እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮታል። ጨርሶ ሳይዘጋበት ያን የወጣትነት ድምፁን አንድ ጊዜ መስማት ይፈልጋል። የቀረችው ሸክላ ደግሞ የእናንተው ብቻ ናት። ልመናችን በሙሉ ይኸው ነው፤ የሚከተለው ሁሉ ምስጋና ነው።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ዘፈኗን አሰሙን ብለን ለዓመታት ስንጽፍ ጣቢያችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱን እንደ ንቀት የቆጠሩ አባላት ነበሩ። እኔ ግን ሦስት የታወቁ ዘፈኖችን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማዞር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ስለምገነዘብ፣ ለአራተኛዋ የሚሆን ጉልበት ብታጡ አልፈረድኩባችሁም።

፪ኛ. «የተዘነጉት» የሚል ፕሮግራም ስለጀመራችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው ወር አራቱ ችኩሎች ሊቀርቡ ነው ሲባል ፀጉር ቤቱ ጢም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሥራውን አቆመ፤ ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ግማሽ ጉንጩ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና እንደተለቀለቀ እንዲጠብቅ ተደረገ። ፉጨት ከረባት አስሮ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ ሬዲዮኑ አዙሮ ተቀመጠ። ከዚያም በደቂቃ አርባ አምስት ዙር መዞር የነበረባትን ሸክላ በሠላሳ ሦስት አዞራችኋት።

የሸክላ ማጫወቻ የፍጥነት መለወጫ፣ ትልቁን ሸክላ ቀስ፣ ትንሹን ፈጠን አድርጎ እንዲዞር የሚያዝ፣ በአንድ ጣት የሚገፋ ነገር ነው። በመላው ጣቢያችሁ ያ አንድ ጣት አልተገኘም። ከበሮው ደረጃ ላይ የሚጎተት ቁም ሣጥን መሰለ። የፉጨት ቀጭን ድምፅ ወፍሮ፣ ጎርንኖ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። ሾፌራችን በዚያ አካሄድ አውቶቡሱ ሄዶ፣ ተሳፋሪ አራግፎ፣ ነዳጅ ቀድቶ ተመልሶ ይመጣ ነበር ብሏል፤ ሌላም ብሏል፣ እሱን ግን አልተይበውም።

ሁላችንም ስንንጫጫ ፉጨት ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ቤቱ እንደደረሰ እህቴን እስቲ የሆነ ነገር አውሪ አላት። ምን ላውራ ስትለው፣ ያሰኘሽን፣ ብቻ አታቋርጪ አላት። ዘፈኑ ደኅና ሆኖ የተበላሸው ጆሮው መስሎት፣ የእሷም ንግግር ይጎተትበት እንደሆነ ሊያጣራ ነበር። እህቴ እንባዋን እየጠረገች የጎረቤቱን ወሬ ሁሉ ዘከዘከችለት። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ትንሽ ያጥረኛል። አንድ ሰው የቀረችውን አንድ ጆሮ እንዲጠራጠር አድርጋችኋል፤ በጣም አዝኜባችኋለሁ።

፫ኛ. ስቱዲዮ የጋበዛችኋቸውን ተንታኝ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። አውቶቡሱ ሞት መሆኑን፣ ልጅቷ ነፍስ መሆኗን፣ የምትመርጠው ጫማ ደግሞ ከዚህ ዓለም ጋር ያላት የመጨረሻ ትስስር መሆኑን በሚገባ አስረድተውናል። ግጥሙን የጻፈው ራሱ ፉጨት ነው፤ ጫማ የምትመርጠው ልጅ እህቴ ናት፤ ዛሬም ትመርጣለች፣ ዛሬም እናረፍዳለን። ተንታኙ ሥራውን «ከዘመኑ የቀደመ ሐዘን» ብለውታል። ከዘመኑ መቅደሙን አላውቅም፤ ከሸክላው መዘግየቱን ግን በትሕትና እጠቁማለሁ።

፬ኛ. ስሕተቱን ልናሳውቅ ስንደውል ስልኩን ያነሣችው ልጅ እጅግ የታረመች ናት። እማማ፣ ከሸክላው ተቀድቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው እንዲህ ነው፤ ሰው ሲያረጅ የድሮው ሁሉ ፈጣን ይመስለዋል ብላ አጽናናችኝ። ለዚህ ደግነቷ የደረጃ ዕድገት ቢታሰብላት ደስ ይለኛል፤ ወደ ሌላ ክፍል ቢሆን ደግሞ የበለጠ።

፭ኛ. ያቺ ዘገምተኛ ቅጂ በወጣቶች ዘንድ መወደዷን፣ ስልካቸው ላይ ጭነዋት ከፍቅረኛቸው ሲለያዩ እንደሚያለቅሱባትም ሰምቻለሁ። አራቱ ችኩሎች በመጨረሻ ዝነኛ ሆኑ። ዕድሜ ልካችንን የተመኘነው ይህንኑ ነበር፤ ስንመኝ ፍጥነቱን መጥቀስ ረስተን ነው።

፮ኛ. ዘፈኑ ሲያልቅ አቅራቢው ለአራቱም ነፍስ ይማር ብሏል። ሦስቱ በእርግጥ አርፈዋል። ከአራት ሦስቱን ማግኘት በትምህርት ቤት ቢሆን የሚያሳልፍ ውጤት ነው። አራተኛውን ግን በቁሙ ቀብራችሁታል። ይባስ ብሎ በመጪው ወር በምታዘጋጁት የመታሰቢያ ምሽት፣ የጣቢያው ኦርኬስትራ ዘፈኗን በዚያው በለቅሶ አካሄድ ሊጫወታት እየተለማመደ መሆኑን ከማስታወቂያችሁ ሰማን። ኦርኬስትራውን ይህን ያህል ቀስ ብሎ ለመጫወት ልምምድ ማስፈለጉ ግን ገርሞኛል።

እውነቱን ልናገርና፣ ዘፈኗ ስትሰማ እኛ የምንላትን ያህል ላትሆን ትችላለች። ምናልባት ያማረችው እኛ ወጣት ስለነበርን ይሆናል፤ ምናልባት ጊታሩ ከቅኝት የወጣ፣ ፉጨትም አልፎ አልፎ የሚስት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አፍረን ዝም እንላለን። ነገር ግን ያን ኀፍረት እንኳ በትክክለኛው ፍጥነት ማግኘት መብታችን ይመስለኛል።

ስለዚህ ከመታሰቢያው በፊት በአንዱ ቅዳሜ ሸክላዋን ከመደርደሪያ አውርደው፣ አቧራዋን ጠርገው፣ መለወጫውን በጣትዎ ገፍተው አንድ ጊዜ ያሰሙልን። ከሳሙና ማስታወቂያችሁ አትረዝምም። ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ፉጨት አንድ ጆሮ አለው፤ ያም ጆሮ እናንተ ስብሰባ እስክትጠሩ አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ ሐዘናችሁን እንደ ልባችሁ አዝግሙት።

ውድ ጊዜዎን ስለሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ይህንኑ ጊዜ ቀስ አድርገው በማጫወት እንደሚያካክሱት በመተማመን፣ ከወንበሬ ብድግ፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ በቀጭኑም በወፍራሙም ድምፅ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

የአራቱ ችኩሎች አድናቂዎች ማኅበር ጸሐፊ፣
ጡረተኛዋ ታይፒስት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናንተ፣ ግልባጩንም ለጋዜጣ ልልክ ስል፣ «ለሟች ቤተሰብ» ተብሎ የተጻፈው የመታሰቢያው ምሽት የጥሪ ወረቀታችሁ እህቴ ቤት ደረሰ። በሩን የከፈተው ሟቹ ነው፤ ራሱ ፈርሞ ተቀብሏል። እንደሚገኝም እንዳሳውቅለት አዞኛል፤ ከረባቱንም ከአሁኑ ተኩሶ አስቀምጧል። ለዝግጅታችሁ እንዲመች ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ እንድትነግሩት ይጠይቃል፦ ስሙ ሲጠራ ወደ መድረኩ በራሱ እርምጃ ይውጣ፣ ወይስ እናንተ እንደለመዳችሁት በሠላሳ ሦስት?