የ«ሽምጥ» አዲስ ገቢዎች ተቀባይ አቶ አየነው አዝመራው ዐረፉ

ከሽምጥ የስልክ ጨዋታ ሠሪዎች ማኅበር
እንጅባራ፣ ግንቦት 2011 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራች አባልና የተጫዋቾች አቀባበል ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ አየነው አዝመራው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሠላሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ቤተሰቦቻቸው፣ ወዳጆቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት በትውልድ ከተማቸው በዳንግላ ተፈጽሟል። የማኅበሩ አባላት ሐዘን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ግን እፎይታም አለን። የሐዘን መግለጫ ላይ እፎይታ መጻፍ ያልተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ስለሆነ ምክንያቱን ለአባላትና ለሕዝብ እናስረዳለን።

አቶ አየነው ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ዘፈንና ጨዋታ በሚሞሪ የሚጭኑበት አነስተኛ ሱቅ ከፍተው ይሠሩ ነበር። ጨዋታ ያስጫነን ደንበኛ አንድ ዙር አብረውት ሳይጫወቱ አያሰናብቱትም። ከኋላ ወረፋ የያዘው ቢያጉረመርምም፣ ደንበኛውን የሚጠብቀው ባለ ጋሪ ውጭ ቆሞ ቢጣራም ግድ አልነበራቸውም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ወገኔ አድማሴ ያገኟቸውም ስልካቸውን ይዘው ከዚያው ወረፋ ላይ ቆመው ሲያጉረመርሙ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ማኅበሩ «ሽምጥ»ን ለሕዝብ አቀረበ። ሽምጥ ሁለት ሰዎች ባሉበት ሆነው በኔትወርክ ተገናኝተው በየስልካቸው ፈረስ የሚሽቀዳደሙበት ጨዋታ ነው። በፌስቡክ የለቀቅነው የመጀመሪያ ማስታወቂያ ኮርቻ የተጫነበት፣ በጌጥ ያሸበረቀ፣ ጋላቢ ግን የሌለው ፈረስ ያሳይ ነበር። ሐሳቡ «ኮርቻው እርስዎን ይጠብቃል» ለማለት ነው። ሥዕሉን ያዘጋጁት ባልደረባችን ወ/ሪት ናርዶስ ባሕር ዳር ያደጉ ስለሆኑ አይፈረድባቸውም። እዚሁ ፈረስ መካከል ያደግነው ሰዎች ግን ምን እንደነካን እንጃ፣ «ግሩም ነው» ብለን አጸደቅነው። በእኛ አካባቢ እንዲያ ተሸልሞ ባዶውን የሚሳብ ፈረስ የሚታየው ለቅሶ ላይ ነው። በማስታወቂያው ሥር «ነፍስ ይማር»፣ «ኧረ ማን ነው የሞተው?»፣ «ቀብሩ የት ነው?» የሚል አስተያየት እንደ ጎርፍ ወረደ። ጨዋታውን ያወረደ አልነበረም። ወ/ሪት ናርዶስም ከቢሮ ወጥተው አለቀሱ።

ማኅበሩ ማስታወቂያውን ለማጥፋት ሲወስን የተቃወሙት አቶ አየነው ብቻ ነበሩ። አስተያየት ለሰጠው ሁሉ፣ በአማርኛ ለጻፈው በአማርኛ፣ በአዊኛ ለጻፈው በአዊኛ፣ «ማንም አልሞተም፤ ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። ለቅሶ ለመድረስ ከተነሡ ላይቀር ይግቡና አንድ ዙር እንጋልብ» እያሉ መለሱ። የሽምጥ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው። አቶ አየነውም «የማያውቀውን ሰው ለቅሶ ሊደርስ የተነሣ ደግ ሰው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ተጫዋች ከየት ሊመጣ?» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የተጫዋቾች አቀባበል ክፍልን አቋቋሙ። ክፍል ይባል እንጂ ሠራተኛው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በማስታወቂያ ተስቦ የገባ ሰው ተፎካካሪ ሲያጣ ብቻውን ጋልቦ፣ ብቻውን ቀድሞ፣ በዚያው እንደሚቀር ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው። «ብቻውን የሮጠን የሚቀድመው የለም፤ ተመልሶ እንዲሮጥ የሚያደርገውም የለም» አሉ። ከዚያ ጀምሮ አዲስ ገቢን ሁሉ በስሙ ጠርተው ተቀበሉ፤ አገሩን ጠየቁ፤ የመጀመሪያውን ግልቢያ አብረው ጋልበው እያወቁ ተሸነፉለት። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሕይወት «ለአገር ምድሩ ሲሸነፍ ይውልና እቤት ሲገባ አይረታም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ማኅበሩ የፌስቡክ ተከታዮችን ቁጥር በግዢ ለማሳደግ አስቦ ነበር። አቶ አየነው በስብሰባ ላይ ተነሥተው «የተገዛ ተከታይ ሰርግ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ ነው፤ አይበላ፣ አይጨፍር» በማለታቸው ሐሳቡ በሳቅ ወደቀ። በምትኩ የቴሌግራም ቡድን ከፍተው ተጫዋች ዘመዱንና ጎረቤቱን እንዲጋብዝ አደረጉ። ቡድኑ ከእንጅባራ እስከ ቻግኒ ሰው አፈራ።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕመሙ ጠናባቸውና ወደ ባሕር ዳር ለኩላሊት እጥበት መመላለስ ጀመሩ። ስልኩን ግን አልጋቸው ላይም አልለቀቁትም። ማኅበሩ እንዲያርፉ በማሰብ በራሱ የሚላክ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልእክት ቢያዘጋጅም አዲስ ገቢዎች መልእክቱን እያነበቡ መውጣት ያዙ። አቶ አየነው ይህን ሲሰሙ ከሕመማቸው ይልቅ በዚህ ተጨነቁ። ሊጠይቃቸው ለሄደው ሁሉ «ሰዉ የመጣው ለእኔ ሲል ከሆነ ከእኔ ጋር መቀበሩ ነው። እኔ ከሌለሁ አዲሱን ማን ይቀበለዋል?» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛም የፈራነው ይህንኑ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አቶ አየነው ስልክ ለመያዝ አቅም አጡ። በዚያው ሰሞን በአዲስ ቅዳም ከተማ የከሰል ነጋዴ የሆኑትና ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዷ የሆኑት ወ/ሮ ደጊቱ በቴሌግራም ቡድኑ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ጎበዝ፣ ገበሬ ሲታመም መሬቱ ጦም ያድራል እንዴ? ደቦ ወጥተን እናርስለት የለም ወይ? ተራ እንግባና አዲስ የመጣውን እንቀበልለት።» ማኅበሩ አላዘዘም፣ አላሳሰበም፤ እንዲያውም የሰማው ዘግይቶ ነው። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተራ ተከፋፈሉ። ቅዳሜ ገበያ የሚውለውን ገበያ የማይውለው ተካው፤ ኔትወርክ የጠፋበትን ያልጠፋበት ሸፈነው።

ወ/ሮ ሕይወት ይህን ለባለቤታቸው አነበቡላቸው። አቶ አየነው አላመኑም፤ በዓይናቸው ለማየት ፈለጉ። ወ/ሮ ሕይወት ስልኩን ደግፈው ይዘው ወ/ሮ ደጊቱ ከዳንግላ ከገባ አንድ እንግዳ ጋር ሲጋልቡ አሳዩአቸው። ግልቢያው ሳያልቅ ዓይናቸው ደከመና «ተሸነፈችለት?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸውም «አዎ፣ ተሸነፈችለት» አሏቸው። «እሰይ! በቃ፣ ተገላገልኩ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋታው አልጠየቁም። በሳምንቱ ውስጥ በሰላም ዐረፉ። እኛም እፎይ ያልነው ሥቃያቸው በማብቃቱ ብቻ አይደለም፤ ያ ጥያቄ ሳይመለስላቸው ባለመሄዳቸው ነው።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ሕይወት፣ ለልጃቸው ለብሥራት፣ ለእናታቸው ለወ/ሮ በቀለች፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በየቦታው ላላችሁ የሽምጥ ተጫዋቾች ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ። ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን።

ለቤተሰቡ ከዚህ በላይ የምናቀርበው ማጽናኛ አንድ ነው። በቀብሩ ዕለት የማኅበሩ ቢሮ ዝግ ነበር፤ ሁላችንም ዳንግላ ስለነበርን አዲስ ገቢዎችን የምንከታተልበትን ስልክ የተመለከተ አልነበረም። በማግሥቱ ስንከፍተው በዚያ ቀን አዳዲስ ሰዎች ገብተው አገኘን። አንድ በአንድ አየናቸው። ብቻውን የጋለበ አልነበረም።