ጠርዙ የተቃጠለ ቅጠል

ለልጄ የእንጀራ አባት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እናቷስ ደህና ናት? የወገብዎ ሕመም ጋብ እንዳለልዎ ልጅቷ ነግራኛለች፤ ፈጽሞ ይማርዎት። እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔንም ቢሆን የጎዳው ከነጩ የጨው መሬት ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አንቱ ስልዎት ግራ እንዳይገባዎ። በሦስት ዓመት እንደምበልጥዎት አውቃለሁ። ስለማከብርዎ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንተ ለመባባል የሚያበቃ ቅርበት የለንም፤ እንዲሁ አንተ ብልዎት ደግሞ ንቀት እንዳይመስል ፈራሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መቼ ደረሰኝ የሚለው ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያስፈጀኝ።

ለአራት ተጣጥፎ፣ መሃሉ ላይ አንድ የድንች ቅጠል ተኝቶበት ነበር። «የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዛቸው መጀመሪያ ቢጫ ይሆንና ከዚያ እሳት እንደነካው ይደርቃል። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ረጨሁ፣ አልተወም። ልጅቷ ‹አባዬ የሚሠራው ማዳበሪያ የሚወጣበት ቦታ ስለሆነ ያውቃል› ብትለኝ ነው የማስቸግርዎት» ብለው ጽፈዋል። ያን ጊዜ ድንችዎ ገና አላበበም ነበር። ፖስታው እጄ የገባው በጻፉት በአምስተኛው ቀን ነው። ዛሬ ድንቹ ተቆፍሮ አልቋል።

ቅጠሉን ገና ሳየው አወቅሁት። እዚህ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር በመጀመሪያው ቀን የሚያየው ሥዕል ነው፤ ለምን እንደምንለፋ እንዳንረሳ የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ጠርዙ የተቃጠለ ቅጠል የፖታሽ ረሃብ ነው፤ ፖታሽ እኛ ከዚህ መሬት የምናወጣው የማዳበሪያ ጨው ነው። አንድ መስመር ብጽፍልዎ ይበቃ ነበር። ቅጠሉን መልሼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩና የሥራ ልብሴን በማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ፣ ከጓንቶቼ ሥር ቀበርኩት።

በእናቷ ቀንቼ ይመስልዎት ይሆናል። አይደለም። እርስዎ ሲመጡ እኛ ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ሃያ አንድ ቀን ሥራ ላይ፣ ሰባት ቀን ቤት የሚውልን ባል ማንም ሴት አትታገሥም። «እንግዳ ማስተናገድ ደከመኝ» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። በልጅቷ ግን ቀናሁ። በሳምንት አንድ ቀን እደውልላታለሁ። ጋሼ ብስክሌቴን ጠገነልኝ፣ ጋሼ ጉድጓድ ሲቆፍር እንቁራሪት ዘለለበት፣ ጋሼ ስቆ ስቆ ሊሞት። እኔ ከዚህኛው ጫፍ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እሺ፣ ጎበዝ» እላለሁ። ስለ ትምህርቷ ስጠይቃት «ደህና ነው» ብላ ትጨርሰዋለች። ደግሞ ስምዎን ያስቡት። የእንጀራ አባት። እንጀራ ፍለጋ ከቤት የወጣሁት እኔ፣ እንጀራውም አባትነቱም አንድ ላይ የተሰጠው ለእርስዎ። ይህችን ቀልድ ለብቻዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት አይጠይቁኝ፤ አንድም ቀን አላሳቀችኝም።

በዚህ መካከል ለእናቷ ጻፍኩ። ከአዲሱ የትምህርት ዓመት ጀምሮ ልጅቷ እኔ ዘንድ ትኑር፣ የሠራተኞች መንደር ውስጥ ቤት ተሰጥቶኛል፣ ክፍልም አዘጋጅቼላታለሁ አልኩ። እርስዎም ሳያነቡት አልቀሩም። እናቷ መልስ ሳትሰጠኝ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሆነና ልጅቷ ለስድስት ቀን መጣች። እኔም በስድስት ቀን ውስጥ ልቧን ላሸንፍ ቆርጬ ተነሣሁ። ብስክሌት መጠገን ማንም ይችላል፤ ማዕድን ማሳየት የሚችለው ግን አባቷ ብቻ ነው።

ማዕድን ሲባል ሰው የሚታየው ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ መሬት ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ነው። እንደዚያ የሚያወጡም አሉ። እኛ ጋ ግን የፖታሹ ንብርብር እጅግ ጥልቅ ስለሆነ ሰው አይወርድም፤ የምንልከው ውሃ ነው። ሰው ከመፈጠሩ በፊት እዚህ ባሕር ነበረ። ባሕሩ ደረቀ፣ ጨዉ ቀረ፣ በላዩ አፈርና ድንጋይ ተጫነው። ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደ ታች እንገፋለን፤ ውሃው ጨዉን አሟሙቶ በሌላ ቧንቧ ይመለሳል። እኔ የዚያ ፓምፕ ተቆጣጣሪ ነኝ። ይህን ሳስረዳት ትንሽ አሰብ አደረገችና «ታዲያ አባዬ፣ ሥራህ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነዋ» አለችኝ። የፈረቃው ኃላፊ በሳቅ ወንበሩን ይዞ ቀረ።

የተመለሰው ውሃ ሜዳው ላይ በተዘረጉ ኩሬዎች ይተኛል። ፀሐይ ቶሎ እንዲያደርቀው ሰማያዊ ቀለም እንጨምርበታለን፤ ከጉብታው ላይ ሆና ስታየው ሰማይ የወደቀ መሰላት። ወራት ይፈጃል። ውሃው ሲያልቅ ወፍራም ቅርፊት ይቀራል፤ በትልልቅ ማሽኖች ገብተን እንፍቀዋለን። ቅርፊቱ ግን ንጹሕ ፖታሽ አይደለም፣ ግማሹ ተራ ጨው ነው። ስለዚህ ይፈጭና የጨው ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ፖታሹን ብቻ የሚቀባ ቅባት መሰል ነገር ይጨመርበትና ከሥር አየር ይነፋበታል። ፖታሹ አረፋው ላይ ተሳፍሮ ይወጣል፣ ጨዉ ይዘቅጣል። እሷም ገንዳው አጠገብ ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ አረፋውን ስታይ ቆየች። የላብራቶሪዋ ሴትዮ ሁለት ጠጠር ሰጥታት «የትኛው ምን እንደሆነ በምላስሽ ለዪ» አለቻት። አንዱን ላሰች፣ ጨው። ሌላውን ላሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ይመራል። ይሄ ነው» አለች። እውነት ነው፣ ፖታሽ ይመራል።

ይህን ሁሉ በደብተር ትጽፍ ነበር። እንዴት እንደኮራሁ ልነግርዎ አልችልም። ባልደረቦቼ ልብሴ ላይ ሁልጊዜ ጨው ስለሚጋገር ጨዋው ይሉኛል፤ ያን ሳምንት «የጨዋው ልጅ መሐንዲስ ልትሆን ነው» ሲሉ ሰምቼ ደረቴን ነፋሁ። ያለፈልኝ መሰለኝ። ጋሼ ዛሬ የት አለ አልኩ በሆዴ።

በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ የሠራተኞች መመገቢያ ውስጥ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው «የእናንተ ድንች እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቅጠሉ ትልቅ ነበር። ድንቹ ግን ይቺን አከለ» ብላ የአውራ ጣቷን ጫፍ አሳየችኝ።

«ጋሼሽ ተናደደ?»

«አልተናደደም። ደብዳቤ ጽፎልህ መልስ አልመጣም። ‹አባትሽ ሥራ በዝቶበት ነው፤ ደብዳቤም መንገድ ላይ ይጠፋል› አለኝ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚያች ደቂቃ ከምንጊዜውም ይልቅ ጠላሁዎት። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አባትሽ ክፉ ነው ብለዋት ቢሆን ኖሮ ክፉ አለመሆኔን አስረዳት ነበር። እርስዎ ግን ስሜን ጠበቁልኝ፤ ያውም እኔ ያቆሸሽኩትን።

ከሰዓት በኋላ እሷ ጨዉን ልትታጠብ ስትገባ ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። የሰው ደብተር ማንበብ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። በአንደኛው ገጽ አናት ላይ «ለጋሼ የምነግረው» ይላል። ከሥሩ ሦስት ገጽ ሙሉ። ፖታሽ የመጣው ከደረቀ ባሕር ነው። ድሮ ሰዎች እንጨት አቃጥለው አመዱን በድስት እያጠቡ ያወጡት ስለነበር ስሙ የመጣው በእንግሊዝኛ ‹ፖት› ድስት፣ ‹አሽ› አመድ ከሚሉት ቃላት ነው። ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ከሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች የመጨረሻው የፖታሽ ነው፤ ጋሼ የሚገዛው ጆንያ ላይ ሦስተኛው ዜሮ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አስታውሳ ነው። ያ ሁሉ ጥያቄ፣ ያ ሁሉ ሩጫ ለእርስዎ ኖሯል።

ገጹን ገለበጥኩ። «አባዬን የምጠይቀው» ይላል። ከሥሩ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። «የጋሼ ደብዳቤ ለምን ጓንቱ ሥር ሆነ?»

በመጀመሪያው ቀን ፋብሪካው ውስጥ ስንገባ «ከሣጥኔ ጓንት አምጪልኝ» ብዬ የላክኋት ራሴ ነኝ። ምሳ ላይ ስትመልስልኝም ታውቅ ነበር ማለት ነው። አራት ቀን ሙሉ አብራኝ እየበላች፣ አብራኝ እየሳቀች በሆድ ይፍጀው ያዘችው።

የቀሩት ሁለት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። መጠየቋን ጠበቅሁ፣ አልጠየቀችኝም። አውቶቡስ መናኸሪያ ስንደርስ እኔው ቀደምኳት። «የጋሼሽ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ጫማዋን እያየች።

«ቀንቼ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰችም። «ለጋሼ እኔ ልንገረው ወይስ አንተ ትነግረዋለህ?» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ እነግረዋለሁ አልኳት፤ ይኸው ነገርኩዎ።

አሁን የዘገየው መልስ። ማሳዎ ለምለም ሆኖ ድንቹ ያነሰው ቅጠል የሚያሳድገውን ማዳበሪያ ብቻ ስለሰጡት ነው። ፖታሽ ከሌለ ቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ታች፣ ወደ ድንቹ የሚያወርድለት አያገኝም። ግንዱም ይልፈሰፈሳል። ዝናብ ሲዘገይም ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ውሃውን መያዝ ያቅተዋል። ድንች ደግሞ ፖታሽ ከአፈር በብዛት የሚወስድ ሰብል ነው፤ በየዓመቱ ከማሳው ሲያነሡት ፖታሹም አብሮ ይሄዳል፣ ካልመለሱለት አፈሩ ይራቆታል። በመጀመሪያ አፈሩን ያስመርምሩ፤ ምን ያህል እንደጎደለው ሳያውቁ አይበትኑ፣ ጨው ነውና ሲበዛ ይጎዳል። ከመትከልዎ ቀደም ብለው ከአፈሩ ጋር ያደባልቁት። የምድጃ አመድም ካለ አይጣሉት።

የሚቃጠሉት የታችኞቹ ብቻ የሆኑት ለምንድን ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ፖታሽ ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጠዋል። አሮጌው ከጠርዙ ጀምሮ ይደርቃል፣ ከላይ ያለው ለጋው ያድጋል። ተክሉ እንዲህ የሚያደርገው ሳይለመን ነው።

ለእናቷ ስለ አዲሱ የትምህርት ዓመት የጻፍኩትን በተመለከተ፣ መልስ ለመስጠት አትቸገር ይበሉልኝ። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ከመንደሩ ይርቃል። የጨዉ አቧራም ለልጅ ሳንባ ጥሩ አይደለም ይላሉ። ያዘጋጀሁትን ክፍል ለአንዲት አዲስ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሰጥቼዋለሁ፣ ቤት አጥታ ነበር። ልጅቷ በዕረፍቷ ስትመጣ ሳሎን እኔ እተኛለሁ፤ አልጋዬን ለእሷ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልጅቷ ቦርሳዋ ውስጥ የትምህርት ቤት ቅጽ ይዛ መጥታ ነበር። አብረዋት እየኖሩ፣ እየመገቧት፣ ሲያማት ሐኪም ቤት እየወሰዷት፣ ይህን ቅጽ ግን በየዓመቱ «ይሄ የአባትሽ ነው» ብለው ሳይፈርሙ እንደሚያቆዩልኝ ነገረችኝ። እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር፤ እናቷ የላከችው እየመሰለኝ ነበር የምፈርመው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጣጥፌ ልኬዋለሁ። የልደት ቀኗን፣ የደም ዓይነቷን፣ የእኔን ስልክ ሁሉ ሞልቻለሁ። «የአባት ፊርማ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የረሳሁት እንዳይመስልዎ።

ማሳዎን ይባርክልዎ። ወገብዎን ያጽናልዎ። ቤታችሁን ሳቅ አያሳጣው።

የልጅዎ አባት